ገመድ እየሳቡ ማረፍ፦ በጥንታዊ ባለ ሸራ መርከብ የዕረፍት ጉዞ ለጀማሪዎች

ሸራ ያለው መርከብ ሁሉ ተጓዡን አያሠራም። አንዳንዱ የመዝናኛ መርከብ ሸራውን የሚዘረጋው በሞተር ነው፤ ተጓዡ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያያል። ይህ መመሪያ ስለ ሌላኛው ዓይነት ነው፦ ሸራውን በክንዱ የሚሰቅለው፣ መሪውን የሚይዘው፣ ሌሊት ተነሥቶ ባሕሩን የሚጠብቀው፣ ድንችም የሚልጠው ተጓዡ ራሱ ስለሆነበት ጉዞ። ከፍላችሁ ትሳፈራላችሁ፤ ከተሳፈራችሁ በኋላ ግን የመርከቡ ሠራተኞች ናችሁ። ልምድ አይጠየቅም።

በእንዲህ ያሉ መርከቦች ላይ ደጋግሜ ሠርቻለሁ፤ ብዙ ጀማሪዎችንም አጠገቤ አይቻለሁ። ከጉዞው ብዙ ይዞ የሚወርደው ጉልበተኛው ወይም ደፋሩ አይደለም። የትኛው ገመድ የትኛውን ሸራ እንደሚገዛ ለማወቅ የሚተጋ፣ ያላወቀውን ደግሞ ከመንካቱ በፊት የሚጠይቅ ሰው ነው። ከዚህ በታች ያለው ዝግጅት ሁሉ፣ ልብሱም፣ መድኃኒቱም፣ እንቅልፉም፣ ለዚያ የሚሆን ንቁ አእምሮ ይዞ ለመገኘት ነው። ዓመቶቹን የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

1. መርከቡን መምረጥ

መጀመሪያ የሸራውን አሰቃቀል እዩ። ሸራ የሚሸከመው ረጅም ምሰሶ በድሮው ቃላችን ደቀል ይባላል፤ እኔም እንደዚያው እለዋለሁ። ደቀሉን አቋርጠው በሚጋደሙ ዘንጎች ላይ አራት ማዕዘን ሸራዎች የሚንጠለጠሉበት መርከብ “ስኩዌር ሪግ” ነው። ሦስቱም ደቀሎች እንዲህ ያለ ሸራ ከያዙ መርከቡ “ፉል ሪግ” ይባላል። የመጨረሻው፣ የኋለኛው ደቀል ብቻ በመርከቡ ርዝመት አቅጣጫ የሚዘረጋ ሸራ ከያዘ “ባርክ” ነው። ሁለት ደቀል ብቻ ኖሮት ሁለቱም አራት ማዕዘን ሸራ ሲይዙ “ብሪግ” ይሆናል። ዋና ሸራዎቹ ሁሉ በመርከቡ ርዝመት የሚዘረጉበት ደግሞ “ስኩነር” ነው።

ይህ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የምትሠሩትን ሥራ ይወስናል። በባርክ ላይ ገመዱ ከመቶ በላይ ነው፤ ሸራ ለመፍታትና ለመጠቅለል ሰው በየቀኑ ወደ ላይ ይወጣል። በስኩነር ላይ አብዛኛው ሥራ ከወለሉ ይሠራል። ከፍታ በጣም የሚያስጨንቀው ሰው በስኩነር ቢጀምር እመክራለሁ። መውጣት ባትፈልጉም ግን ባርክ አይከለከልባችሁም፦ መውጣት በፈቃድ ነው፣ ወለል ላይም ሥራ አይጠፋም።

በዓለም ላይ ጀማሪዎችን ተቀብለው የሚያሠሩ መርከቦች ጥቂት አይደሉም። መነሻ ወደቧ የኖርዌይዋ በርገን የሆነችው “ስታትስሮድ ሌምኩል” በ1914 የተሠራች፣ 98 ሜትር የምትረዝም ባርክ ናት። በእሷ ላይ የሚተኛው በሃሞክ፣ ማለትም ከጣሪያ በሚንጠለጠል የጨርቅ አልጋ ላይ ነው። የክርስቲያንሳንዷ “ሶርላንዴት” (1927) እና የኦስሎዋ “ክርስቲያን ራዲክ” (1937) ፉል ሪግ ናቸው። የኔዘርላንዷ “ኦይሮፓ” በ1911 ሃምቡርግ ውስጥ ስትሠራ በአንድ ቦታ መልሕቅ ጥላ ለሌሎች መርከቦች መብራት የምታሳይ ነበረች፤ በ1994 ባርክ ሆና ባሕር ገባች። ከአርጀንቲናዋ ኡሹዋያ ተነሥታ ድሬክ የሚባለውን ኃይለኛ ባሕር አቋርጣ አንታርክቲካ ትደርሳለች፤ ያ ግን ለመጀመሪያ ጉዞ የምመክረው አይደለም። ከስኩነሮቹ “ኦስተርስሄልደ” (1918፣ ሮተርዳም) አለች። ከእንጨት መርከቦች የስዊድኗ “ዮቴቦሪ” በ1745 ወደብ ልትገባ ስትል የሰጠመች የንግድ መርከብ ቅጂ ናት። በ2023 በፈረንሳይ ጠረፍ አካባቢ መሪዋ የተበላሸ ዘመናዊ ጀልባ ጎትታ ወደ ወደብ አድርሳለች፤ በጀልባዋ የነበሩት ሰዎች የ18ኛው ክፍለ ዘመን መርከብ ሊያድናቸው ሲመጣ ዓይናቸውን ማመን አቅቷቸው ነበር።

የአካል ጉዳት ያለባችሁ አንባቢዎች ይህ ለእኛ አይሆንም ብላችሁ ገጹን አትዝጉ። በ1986 “ሎርድ ኔልሰን”፣ በ2000 ደግሞ “ቴኔሸስ” የሚባሉ መርከቦች ተሠርተው በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱና ማየት የተሳናቸው ሰዎች ከሌሎች ጋር እኩል ፈረቃ ይዘው ሠርተውባቸዋል። በድምፅ የሚናገር ኮምፓስ ስለነበራቸው ዓይነ ስውር ሰው መርከቡን ይመራ ነበር። ያቋቋማቸው በጎ አድራጎት ድርጅት በ2023 ቢዘጋም ያሳየው ነገር አለ፤ የምትመርጡትን መርከብ ምን ማመቻቸት እንደሚችል በግልጽ ጠይቁ።

ዕድሜያችሁ ከ15 እስከ 25 ከሆነ ተጨማሪ በር አለ። በ1956 ከእንግሊዟ ቶርቤይ እስከ ሊዝበን የተጀመረው የባለ ሸራ መርከቦች ውድድር እስከ ዛሬ በየበጋው ይካሄዳል፤ ከተወዳዳሪ መርከብ ሠራተኞች ቢያንስ ግማሹ በዚያ ዕድሜ ክልል መሆን አለበት። መርከቦቹም በዚህ ምክንያት ወጣቶችን ይፈልጋሉ።

ከመክፈላችሁ በፊት ለቢሮው የምትጽፏቸው ጥያቄዎች እነዚህ ይሁኑ፦ ቋሚ ባሕርተኞች ስንት ናቸው፣ ተጓዡስ? ሁሉም ፈረቃ ይይዛል ወይስ በፈቃድ ነው? ወደ ላይ ሲወጣ የደህንነት ቀበቶ የት የት ይታሰራል? የዝናብ ልብስ ይሰጣል? የጉዞ መድኑ ምን መሸፈን አለበት? መርከቡ በየትኛው አገር ባንዲራ ተመዝግቧል፣ የመጨረሻው የደህንነት ፍተሻውስ መቼ ነበር? በደንብ የሚሠራ መርከብ እነዚህን ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። አንድ ጊዜ የመጨረሻውን ጥያቄ ስጠይቅ መልስ ሳይሆን ቅናሽ የላከልኝ ቢሮ ነበር፤ አልተሳፈርኩም።

2. ርዝመቱና ወቅቱ

ከአምስት ቀን ያነሰ ጉዞ አትያዙ። የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ሰውነት ውዝዋዜውን ለመልመድ፣ አእምሮም ስሞቹን ለመያዝ ያልፋሉ፤ ደስታው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ለጀማሪ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ተስማሚ ይመስለኛል፤ በየሁለት ሦስት ቀኑ ወደብ ወይም ደሴት የሚነካ መንገድ ቢሆን ይመረጣል።

ውቅያኖስ ማቋረጥ የሚፈልግ ሰው የንግድ ነፋስ የሚባለውን፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ በቋሚነት የሚነፍሰውን ነፋስ መስመር ይያዝ። ከካናሪ ደሴቶች ወደ ካሪቢያን የሚወስደው መንገድ ከኅዳር አጋማሽ በኋላ፣ የአውሎ ነፋሱ ወቅት ሲያልፍ ይከፈታል። ነፋሱ ከኋላ ስለሚመጣ ለአራት ማዕዘን ሸራ የተፈጠረ መንገድ ነው። በሳምንታት የሚቆጠር ጉዞ መሆኑን ግን አትርሱ።

ነፋስ ካፒቴኑንም ያዛል። ወደቡ የሚለወጥበት፣ መድረሻው ቀን የሚገፋበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ የመመለሻ በረራችሁን መርከቡ ይደርሳል ከተባለበት ቀን ቢያንስ አንድ፣ ቢቻል ሁለት ቀን አዘግይታችሁ ያዙ። ወደቦቹ በተለያዩ አገሮች ከሆኑ ለእያንዳንዱ ቪዛ የሚያስፈልጋችሁ መሆኑን ቀድማችሁ አጣሩ። በአየር ገብቶ በባሕር መውጣት በአንዳንድ አገር የተለየ ወረቀት ይጠይቃል፤ ይህን ከመርከቡ ቢሮ ጋር ተነጋገሩ።

3. ሻንጣ

ጠንካራ ሻንጣ አታምጡ፤ የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ባዶ ሲሆን የሚጣጠፍ የጨርቅ ቦርሳ ይሁን።

ልብስን በተመለከተ አንድ ሕግ ብቻ አለኝ፦ ጥጥ እንዳይበዛ። ጥጥ ሲረጥብ ቶሎ አይደርቅም፣ ሙቀትም አይይዝም። ስስ የሱፍ የውስጥ ልብስ፣ በላዩ ሹራብ፣ ከሁሉ በላይ ነፋስና ውሃ የማያሳልፍ ጃኬትና ሱሪ። በበጋም ቢሆን ሌሊት መሪ ላይ የቆመ ሰው ይበርደዋል። ጫማ ሁለት፦ አንዱ የማያንሸራትት ሶል ያለው፣ እግር የሚይዝና ለመውጣት የሚሆን፣ ሌላው የጎማ ቦት። ቀይ ብርሃን ያለው የግንባር ባትሪ፣ አንገት ላይ የሚጠመጠም ማሰሪያ የሌለው ቆብ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ መነጽር ከማሰሪያው ጋር። የሚታጠፍ ቢላዋ የምትይዙ ከሆነ ከወገባችሁ ጋር በሲባጎ የታሰረ ይሁን፤ ከ30 ሜትር የሚወድቅ ቢላዋ ሰው ይገድላል። ለዚሁ ምክንያት ስልክም ኪስ ውስጥ ይዞ አይወጣም።

ጓንት ይዛችሁ ኑ፣ ነገር ግን ገመድ ስትስቡ ባዶ እጅ ይሻላል የሚሉ ባሕርተኞች አሉ፤ እኔም ከእነሱ ነኝ። እጅ የገመዱን ውጥረት ያዳምጣል፤ ጓንት ያደነቁረዋል። ቀለበት ግን ሁላችሁም አውልቁ።

4. ማቅለሽለሽ

ብዙ ሰው ያመዋል፤ የዕድሜ ልክ ባሕርተኞችም ያማቸዋል። ትልቁ ስህተት እስኪያም መጠበቅ ነው። ክኒኑ የሚሠራው አስቀድሞ ሲወሰድ ነው፤ አንዳንዱ ከመነሣታችሁ በፊት ባለው ምሽት ይጀመራል። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው ስኮፖላሚን ከጉዞው ሰዓታት በፊት ይለጠፋል፣ እስከ ሦስት ቀን ይሠራል። ግን አፍ ያደርቃል፣ እይታ ሊያደበዝዝ ይችላል፣ ግላኮማ የሚባል የዓይን ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ አይሆንም። ስለዚህ ሐኪም አማክሩ፤ የሚያስተኛችሁ መሆኑንም ቤታችሁ ሳላችሁ ሞክሩት። በክኒኑ እንቅልፍ የደነዘዘ ሰው ገመድ መያዝ የለበትም።

ሲጀምራችሁ ወደ አልጋ አትሩጡ። ወለል ላይ ውጡ፣ በመርከቡ መሐል አካባቢ ቁሙ፣ ዓይናችሁን አድማስ ላይ ትከሉ። ከሁሉ የበለጠው መድኃኒት መሪ መያዝ ነው፤ የመርከቡን እንቅስቃሴ አስቀድሞ የሚያውቅ አካል አይታለልም። ደረቅ ብስኩት፣ ዝንጅብል፣ በትንሽ በትንሹ ውሃ። ባዶ ሆድ ሕመሙን ያባብሳል። ማስመለስ ከመጣ ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ሁኑ፣ አንድ ሰው ያውቃችሁ፣ በአንድ እጃችሁም ያዙ። ሌሊት ብቻችሁን ወደ ጠርዝ አትሂዱ። ፍጹም ካቃታችሁ ጠፍጣፋ ተኙና ዓይናችሁን ጨፍኑ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን አብዛኛው ሰው ይለቀዋል።

5. የመጀመሪያው ቀን፦ ገመዶቹ

ከተሳፈራችሁ በኋላ መጀመሪያ የሚሰጣችሁ የደህንነት ትምህርት ነው። ሰባት አጭርና አንድ ረጅም ደወል የአጠቃላይ አደጋ ምልክት ነው፤ የመንሳፈፊያ ጃኬታችሁን ይዛችሁ ወደ ተመደበላችሁ ቦታ። ሰው ባሕር ውስጥ ከወደቀ ጮክ ብላችሁ ትናገራላችሁ፣ የሚንሳፈፍ ነገር ትወረውራላችሁ፣ ከዚያም አንድ ሰው ዓይኑን ሳይነቅል በጣቱ ያመለክታል። ያ ሰው ሌላ ሥራ የለውም። በማዕበል መሐል የሰው ጭንቅላት ከአንድ ደቂቃ በኋላ ማግኘት እንዴት ከባድ እንደሆነ በልምምድ ጊዜ በተጣለ ተንሳፋፊ አይቼዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ያላችሁን ነፃ ሰዓት ሁሉ ለገመዶቹ ስጡ። ሰው ሁሉ ወደብ ላይ ፎቶ ሲያነሣ እናንተ ወለሉን ዙሩ። በመጀመሪያ ሲታይ የገመድ ጫካ ነው፤ ግን ሥርዓት አለው፣ ሥርዓቱ ደግሞ በመርከቦች ሁሉ ተመሳሳይ ለመሆን ይቀርባል። ትእዛዙ በብዛት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ስሞቹን እንዳሉ ልውሰዳቸው።

“ሃልያርድ” ወደ ላይ ይሰቅላል፦ ዘንጉን ወይም ሸራውን። “ሺት” ስሙ ሸራ ያስመስለዋል እንጂ ገመድ ነው፤ የሸራውን የታች ማዕዘን ይዞ ነፋስ እንዲሞላው ይወጥረዋል። “ክሉላይን” ያንኑ ማዕዘን ወደ ላይ መልሶ ያነሣዋል፤ “በንትላይን” ደግሞ የሸራውን ሆድ ይሰበስባል። “ብሬስ” ዘንጉን ከጫፉ ይዞ ወደ ግራና ቀኝ ያዞረዋል። ሺትና ክሉላይን ተቃራኒ ናቸው፤ አንዱ ሲሳብ ሌላው ይለቀቃል። ይህን ጥንድነት የያዘ ሰው ግማሹን ተምሯል።

የሚታሰሩበትም ሥርዓት አለው። ገመዶቹ በየጎኑ ባለው ሰሌዳ ላይ በተሰኩ ካስማዎች ይታሰራሉ፤ በግራ ያለው በቀኝም እንደ መስታወት ይደገማል። የአንዱ ደቀል አደራደር ለሌላውም ይሠራል። ባጠቃላይ ከፍ ባለ ሸራ የሚመጣ ገመድ ወደ መርከቡ ኋላ ይታሰራል። ቀኝና ግራ ስንል ወደ መርከቡ ፊት ስታዩ ያለው ነው፤ ዞራችሁ ብትቆሙም ቀኙ ቀኝ ነው። ማስታወሻ ደብተር ያዙ፣ አንዱን ደቀል ብቻ ሥሉ፣ ከዚያ ማታ በጨለማ በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ ለመለየት ሞክሩ። ትእዛዙ በአብዛኛው የሚመጣው በጨለማ ነውና።

ካስማ ላይ ሲታሰር ገመዱ መጀመሪያ ከታች አንድ ዙር ይዞራል፣ ከዚያ የስምንት ቁጥር ቅርጽ እየሠራ ሦስት አራት ጊዜ ይጠመጠማል። የተረፈው በክብ ተጠቅልሎ ይሰቀላል፤ ወደ ቀኝ፣ እንደ ሰዓት ቆጣሪ አዟዟር። ይህ ለውበት አይደለም። በችኮላ የሚፈታ ገመድ ሳይጠላለፍ መፍሰስ አለበት።

የደህንነት ሕጎቹ ጥቂት ናቸውና በቃላችሁ ያዙ። ገመድ እጅ ላይ አይጠመጠምም። በተጠቀለለ ገመድ መሐል አይቆምም። ውጥረት ያለበትን ገመድ ስትፈቱ የመጨረሻውን ዙር ካስማው ላይ ተዉት፤ ክብደቱን ካስማው ይያዝላችሁ። ከመፍታታችሁ በፊት ወደ ላይ እዩ። ትእዛዙን ደግማችሁ ተናገሩ፣ ከዚያ ሥሩ። የመጨረሻዎቹን ሁለት የተማርኩት በራሴ ስህተት ነው። በሁለተኛው ጉዞዬ በንትላይን መስሎኝ አጠገቡ የነበረውን ብሬስ ፈታሁ፤ ከላይ ዘንጉ ከቦታው ተወረወረ። በዚያ ሰዓት ዘንጉ ላይ ሰው አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር እያሰብኩ ያን ሌሊት አልተኛሁም። ከዚያ ወዲህ አንድም ገመድ ስሙን ጮክ ብዬ ሳልጠራ ፈትቼ አላውቅም።

ቋጠሮ አራት ይበቃችኋል፦ የማይጠብቅ ክብ የሚሠራው “ቦላይን”፣ ገመድ ከቀዳዳ እንዳያመልጥ ጫፉ ላይ የሚታሰረው የስምንት ቁጥር ቋጠሮ፣ ዘንግ ላይ ቶሎ የሚታሰረው “ክሎቭ ሂች”፣ እና አንድ ሙሉ ዙር ከሁለት ግማሽ ቋጠሮ ጋር። ቤታችሁ ሳላችሁ ሁለት ሜትር ገመድ ይዛችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እስክትሠሯቸው ተለማመዱ።

6. ሸራ መስቀልና አቅጣጫ መለወጥ

አንድ የላይ ሸራ ሲዘረጋ ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ይሄዳል። ወደ ላይ የወጡት ሰዎች የሸራውን ማሰሪያ ይፈታሉ፤ ሸራው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከታች ክሉላይንና በንትላይን ይለቀቃሉ፣ ሺቶቹ ተስበው ይታሰራሉ። ከዚያ ዘንጉ ራሱ የሚንቀሳቀስ ከሆነ አሥርና አሥራ አምስት ሰው ሃልያርዱን ይዞ ይስባል። እዚህ ላይ ጉልበት ሳይሆን ኅብረት ነው የሚያነሣው፤ አንዱ ይጠራል፣ ሁሉም በጥሪው ላይ በሰውነቱ ክብደት ወደ ኋላ ይወድቃል። በክንዱ ብቻ የሚስብ ሰው በአንድ ሸራ ይደክማል።

አራት ማዕዘን ሸራ ያለው መርከብ ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ጠጋ ብሎ መሄድ አይሆንለትም። ዘመናዊ ጀልባ ከነፋሱ 45 ዲግሪ ያህል ሲጠጋ ይህ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ነው የሚችለው። መድረሻው ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ከሆነ በጥምዝምዝ መሄድ ግድ ነው፤ በየጥምዝምዙ ሁሉም ሰው ወለል ላይ ይጠራል።

ይህ ሥራ በባርክ ላይ ከሚታዩት ሁሉ የሚያምር ነው። መሪው ይዞርና የመርከቡ ፊት ወደ ነፋሱ ይገባል። የፊተኛው ደቀል ሸራዎች ነፋሱን ከፊት ይቀበሉና የመርከቡን አፍንጫ ወደ ጎን ይገፋሉ። አፍንጫው ነፋሱን ሲሻገር የመሐለኛው ደቀል ዘንጎች በአንድ ትእዛዝ ይገለበጣሉ፤ ሰዓቱ በትክክል ከተያዘ ነፋሱ ራሱ ያዞራቸዋል። በመጨረሻ የፊተኞቹ ይዞራሉ፣ መርከቡም በአዲሱ አቅጣጫ መሮጥ ይጀምራል። አንድ ቡድን ከዘገየ መርከቡ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ሰጥቶ ይቆማል፤ ወደ ኋላም ይንሸራተታል። ነፋሱ ሲበረታ ካፒቴኑ ይህን ትቶ በኋላ በኩል ዞሮ መለወጥን ይመርጣል፤ ርቀት ያስከፍላል፣ ግን የሚያስተማምን ነው። የእናንተ ድርሻ አንድ ገመድ ነው። እሱን በሰዓቱ፣ ደግሞም ከሰዓቱ በፊት ሳይሆን።

7. ወደ ላይ መውጣት

መርከቡ ወደብ ላይ ሳለ ወይም ባሕሩ በረጋበት ቀን ጀምሩ። ሁልጊዜ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ውጡ፤ መርከቡ ወደ ሌላው ስለሚያዘነብል መወጣጫው ተጋድሞ ይመቻል፣ ነፋሱም ወደ ገመዶቹ ይጫናችኋል። እጃችሁ የሚይዘው ቀጥ ብለው የሚወጡትን ወፋፍራም የጎን ገመዶች ነው። አግድም የተዘረጉት እርከኖች ለእግር ብቻ ናቸው፤ እርከን ሊበጠስ ይችላል፣ የጎን ገመዱ ግን ደቀሉን የሚሸከም ነው። ሁልጊዜ ሦስት ነገር የያዘ ይሁን፦ ሁለት እጅና አንድ እግር፣ ወይም ሁለት እግርና አንድ እጅ።

የደህንነት ቀበቶን በተመለከተ እውነቱን ቀድማችሁ እወቁ። በብዙ መርከቦች እየወጣችሁ ሳላችሁ በእጃችሁ ብቻ ነው የምትያዙት፤ ቀበቶው የሚታሰረው ሥራ ቦታ ስትደርሱ ነው። በሌሎች መርከቦች በየእርምጃው እየታሰረ ይኬዳል። ለዚህ ነው ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ ያልኩት።

ከባዱ ቦታ ከመጀመሪያው መቆሚያ በታች ያለው ነው። መወጣጫው ወደ ውጭ ያጋድልና ጀርባችሁ ወደ ባሕሩ ይንጠለጠላል፤ ለሦስት ወይም ለአራት እርምጃ ያህል። እኔ በመጀመሪያው ቀን እዚያ ደርሼ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ወረድኩ። የፈረቃዬ ኃላፊ “ጥሩ አድርገሃል፣ ነገም ደቀሉ እዚሁ ነው” አለችኝ። በማግስቱ ወጣሁ። ምስጢሩ ወገብን ወደ ገመዱ ማስጠጋት፣ በእግር መግፋት፣ በእጅ ራስን ለመሳብ አለመሞከር ነው። ዓይን ወደሚቀጥለው መያዣ እንጂ ወደ ታች አይሂድ።

ዘንጉ ላይ ስትደርሱ ከሥሩ በተዘረጋው የእግር ገመድ ላይ ትቆማላችሁ። ከመርገጣችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ መግባታችሁን ተናገሩ፤ ክብደታችሁ ገመዱን ሲስበው ቀድሞ የቆመው ሰው ከሥሩ ይናወጥበታል። ከዚያ ቀበቶውን እሰሩ፣ ሆዳችሁን ዘንጉ ላይ ተደገፉ፣ እግራችሁን ወደ ኋላ ግፉ። አሁን ሁለት እጃችሁ ነፃ ነው። ሸራውን በእፍኝ በእፍኝ እየሳባችሁ ከሆዳችሁ በታች ትይዙታላችሁ፣ ሁሉም አንድ ላይ ሲያነሣ ወደ ዘንጉ ላይ ይንከባለላል፣ በማሰሪያው ይጠመጠማል። የረጠበ ሸራ እንደ ጣውላ ይጠነክራል፣ ጥፍር ይነቅላል፤ ጥፍራችሁን አስቀድማችሁ ቁረጡ። ባሕርተኞች “አንድ እጅ ለራስህ፣ አንድ እጅ ለመርከቡ” ይላሉ፤ ስትጠራጠሩ የራሳችሁ እጅ ይቅደም።

8. ፈረቃ

የመርከብ ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 ይቆጥራል። በወረቀቱ ላይ “00–04” የተባለው እኛ ከሌሊቱ 6 እስከ 10 የምንለው ነው፤ ይህን ሳያስተካክል ፈረቃው ያመለጠው ሰው አውቃለሁና የእጅ ሰዓታችሁን በመጀመሪያው ቀን ቀይሩ። ብዙውን ጊዜ ሦስት ቡድን ይኖራል፤ እያንዳንዱ አራት ሰዓት ሠርቶ ስምንት ሰዓት ያርፋል፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ደወል በየግማሽ ሰዓቱ ይመታል፤ ስምንት ሲሞላ ፈረቃው አለቀ። አሥር ደቂቃ ቀድማችሁ፣ ልብሳችሁን ጨርሳችሁ ውጡ። የሚጠብቃችሁ ሰው በርዶታል።

በፈረቃው ውስጥ መሪ፣ ፊት ለፊት መጠበቅ፣ የደህንነት ዙረትና ተጠባባቂነት ይፈራረቃሉ።

መሪ ስትይዙ የምትቀበሉትን አቅጣጫ ደግማችሁ ተናገሩ። ትልቅ መርከብ ዘግይቶ ነው የሚመልስ። ጥቂት አዙሩ፣ ጠብቁ፤ መዞር ሲጀምር አቅጣጫው ላይ ሳይደርስ መልሱት፣ አለበለዚያ ያልፋችኋል። ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስህተት ኮምፓሱን እያሳደደ ከግራ ቀኝ መዋዠቅ ነው። ኮምፓሱን አይታችሁ ከደቀሉ ጎን አንድ ኮከብ ምረጡ፤ በእሱ ምሩ። ግን ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለሚዞር በየሩብ ሰዓቱ ሌላ ኮከብ ምረጡ። ነፋሱ አንገታችሁን ሲነካ፣ መርከቡ በእጃችሁ ሥር ሲንቀሳቀስ፣ ከኋላ ያለው ውሃ በብርሃን ሲፈነጥቅ፤ እኔ ለዚህ ሰዓት ስል ነው ደጋግሜ የምመለሰው።

ፊት ለፊት የሚጠብቅ ሰው ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ 20 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፤ ነጭ ባትሪ አንድ ጊዜ ቢበራበት እንደገና ይጀምራል። የሌላ መርከብ ቀይ መብራት ካያችሁ የምታዩት ግራ ጎኑን ነው፣ አረንጓዴ ከሆነ ቀኙን፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ካያችሁ ወደ እናንተ እየመጣ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ደግሞ ይህ ነው፦ መብራቱ እየቀረበ ከእናንተ አንጻር ያለበት አቅጣጫ ካልተለወጠ ግጭት አለ። እርግጠኛ ባትሆኑም ንገሩ። አሥር ጊዜ ኮከብን መርከብ ብሎ የነገረ ሰው አይወቀስም።

9. አብሮ መኖር

ወጥ ቤት በተራ ይደርሳችኋል። በሚያዘነብል ምድጃ ላይ ሾርባ መያዝ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ሳህን እስከ ግማሹ ብቻ ሙሉ። የሚጠጣ ውሃ ውስን ነው፤ ገላ መታጠብ ሁለት ደቂቃ ይበቃል፦ መርጠብ፣ መዝጋት፣ ሳሙና መቀባት፣ መለቅለቅ። በማንኛውም ሰዓት ከመርከቡ ሲሶ ያህሉ ሰው ተኝቷል፤ በመኝታ ክፍል ድምፅም ነጭ መብራትም ክልክል ነው። እናንተም በነፃ ሰዓታችሁ ተኙ። በሦስተኛው ቀን ስህተት የሚሠራው ወሬው ጥሞት ያልተኛው ነው።

ነፋሱ ከ22 እስከ 27 ኖት (በሰዓት ይህን ያህል ኖቲካል ማይል) ሲደርስ፣ የነፋስ ኃይል በሚለካበት በቦፎርት መለኪያ 6 ይባላል፤ ሸራ መቀነስ የሚጀመረው በዚህ አካባቢ ነው። ወለሉ ላይ በርዝመቱ ገመድ ይዘረጋል፣ ቀበቶአችሁ እዚያ ይታሰራል። ዕቃችሁን ሁሉ አስቀድማችሁ እሰሩ።

10. የመውረጃው ቀን

ወደብ ሲገባ ሸራዎቹ በሥርዓት ይጠቀለላሉ፤ ሥራው ከሌላው ቀን ይረዝማል፣ እስከ መጨረሻው ቆዩ። ከመውረዳችሁ በፊት የተጓዛችሁትን ርቀትና የሠራችሁትን ቀን የሚገልጽ ወረቀት ካፒቴኑን አስፈርሙ፤ ወደፊት የባሕር ሙያ ፈቃድ ለማውጣት ብታስቡ ይቆጠርላችኋል። አንድ ኖቲካል ማይል 1,852 ሜትር ነው፤ ደብተራችሁ ላይ የያዛችሁትን በዚህ ማስላት ትችላላችሁ።

መሬት ስትረግጡ ወለሉ የሚናወጥ ይመስላችኋል፤ በተለይ ጠባብ ክፍል ውስጥና ዓይናችሁን ስትጨፍኑ። አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቆያል። በዚያ ቀን መኪና አትንዱ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ሌሊት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን ማንም ሳይቀሰቅሰው ይነቃል፤ ተመልሳችሁ ተኙ፣ ተረኛው ሌላ ነው።